በአንድ ቃል ላይ የዋልንበት ቀን

ከአዲስ አበባ የተነሣሁት በሰኔ ወር፣ ማክሰኞ ማለዳ፣ ሌሊቱን ሲወርድ ያደረው ዝናብ ገና ሳያባራ ነው። ወፍራም ሹራብ ለብሼ፣ ጃንጥላ ይዤ መነኸሪያ ስደርስ የአውቶቡሱ ረዳት ከላይ እስከ ታች አየኝና “እናቴ፣ አዋሽ ነው የምንሄደው፤ ተሳስተው እንዳይሆን?” አለኝ። አልተሳሳትኩም።

ሥራዬ ማሠልጠን ነው። ብዙ ዓመት በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ ጥብቅና ቆሜያለሁ። አሁን የድርጅት ኃላፊዎች ከሠራተኛ ማኅበር ጋር ለድርድር ሲቀመጡ ምን ማለት፣ ምን መስጠት፣ ምን መያዝ እንዳለባቸው አስተምራለሁ። በታችኛው አዋሽ ያለ አንድ የጥጥ እርሻ የኅብረት ስምምነቱ ጊዜ አልፎበት አዲስ ሊደራደር ስለሆነ፣ በአሠሪው በኩል የሚቀመጡትን ኃላፊዎች ሰመራ ላይ ለሦስት ቀን እንዳሠለጥን ተጠራሁ። የእርሻውን ስም አልጠቅስም። የሰዎቹንም ስም ለውጫለሁ።

አዋሽ ሰባት ኪሎ

አዳማን ስናልፍ ሹራቤን አወለቅሁ። መተሐራ ጋ በሰቃ ሐይቅ ከመንገዱ ጥግ ድረስ ተኝቷል፤ ከእሱ ማዶ ያለው ጥቁር የእሳተ ገሞራ ድንጋይ የተቃጠለ ማሳ ይመስላል። አዋሽ ስንገባ ቀትር አልፎ ነበር። ግራና ቀኙ የጅቡቲ ከባድ መኪና ነው፤ ሾፌሮቹ በጎማው ጥላ ሥር ሰሌን አንጥፈው ይተኛሉ። አንድ ሊትር ውሃ ከአዲስ አበባው ዋጋ እጥፍ ከፍዬ ገዛሁ፤ ግማሹን ስጠጣ ሌላው ግማሽ ሞቀ።

ያደርኩት በድሮው ባቡር ጣቢያ አጠገብ ባለች ትንሽ ሆቴል ነው። ባለቤቷ ወይዘሮ አልማዝ የባቡር ሠራተኛ ልጅ ናት፤ አባቷ ሐዲድ ሲጠግን ኖሮ እዚሁ ጡረታ ወጣ።

“ለምን ነው ወደዚያ ቆላ የምትወርጂው?” አለችኝ፣ የእራት ፍርፍር እያቀረበች።

ነገርኳት።

“ታዲያ ሠራተኞቹንስ ማን ያሠለጥንላቸዋል?”

“ማኅበሩም የራሱ አሠልጣኝ መጥራት ይችላል” አልኳት።

“ይችላል” አለች። ውሃ ልታመጣልኝ ሄደች።

ወደ ሰመራ

በማግስቱ የእርሻው ፒካፕ ሊወስደኝ መጣ። ሾፌሩ ሁሴን የገዋኔ ልጅ ነው፣ ዐፋር። አማርኛውን የተማረው ከሾፌሮችና ከጫኝና አውራጆች ስለሆነ የአምስት አገር ዘዬ አለው፤ አንዴ የወሎ፣ አንዴ የሐረር ሰው ይመስላል። አዋሽ አርባን አልፈን ሜዳው ሲከፈት ወሬው ተከፈተ። እርሻው ሁለት መኪና እንዳለው፣ ሁለተኛው በጅቡቲ መንገድ ዲቾቶ ላይ ሞተሩ ተቃጥሎ መለዋወጫ እየጠበቀ መቆሙን ነገረኝ።

“እስከሚሠራ ሁሉም ነገር በእኔ ነው” አለ። “መድኃኒት እኔ፣ ነዳጅ እኔ፣ አለቃ እኔ፣ እርስዎም እኔ።”

ገዋኔ ላይ የግመል ወተት ገዝቶ ጠጣ፤ እኔ አልደፈርኩም። ከዚያ ወዲያ መንገዱ ረጅም ነው። ፕሮሶፒስ የሚባለው ወራሪ እሾህ አስፋልቱን ከሁለት ወገን ይዞታል፤ ፍየሎች በመሐሉ ብቅ ጥልቅ ይላሉ። አንድ ተሳቢ በጎኑ ተኝቶ ስንዴው ፈስሶ አየን። ሾፌሩ ከጭነቱ አጠገብ ፊቱን በፎጣ ሸፍኖ ተቀምጧል። ሁሴን ፍጥነት ቀንሶ በመስኮት ጠየቀው፤ ሰውየው ደህና ነኝ ለማለት እጁን ብቻ አነሣ።

ሎጊያ ላይ በጋራዦቹ መካከል ካለች ምግብ ቤት ሩዝ በፍየል ሥጋ በላን። ከዚያ ሰመራ ቅርብ ነው። ሰፊ አዲስ አስፋልት፣ ትልልቅ የመንግሥት ሕንፃዎች፣ በመካከላቸው ደግሞ ነፋስና አቧራ። ነፋሱ የተከፈተ ምድጃ ፊት እንደመቆም ነው። የሆቴሌ ቧንቧ ቀዝቃዛ ተብሎ ሲከፈት ለሻይ የሚሆን ውሃ ያወርዳል።

የመጀመሪያው ቀን

ሥልጠናው በሆቴሉ አዳራሽ ሐሙስ ተጀመረ። ሰልጣኞቼ አምስት ነበሩ። ዋና ሥራ አስኪያጁ አቶ ታምራት ስልኩን ከእጁ የማይለይ፣ ዋናው መሥሪያ ቤት በደወለ ቁጥር ከመቀመጫው የሚነሣ ሰው ነው። የሰው ኃይል ኃላፊዋ ሄለን ወጣት ናት፤ ብዙ ትጽፋለች፣ ትንሽ ትናገራለች። ሌሎቹ የመስክ፣ የፋይናንስና የመጋዘን ኃላፊዎች ናቸው።

ማኅበሩ ለድርድር ያቀረበውን ረቂቅ አንቀጽ በአንቀጽ አየን። ከጥያቄዎቹ አንዱ ሠራተኛ ሲሞት ድርጅቱ አስከሬኑን ወደ ትውልድ አገሩ ያድርስ የሚል ነው። በድሮው ስምምነት ይህ ለቋሚ ሠራተኞች ነበር፤ ማኅበሩ አሁን ለወቅታዊዎቹም ይሁን ይላል። ወቅታዊ የሚባሉት ለአረምና ለለቀማ ከከምባታ፣ ከወላይታ፣ ከወሎ የሚመጡት በመቶ የሚቆጠሩ ሰዎች ናቸው።

አቶ ታምራት “ይኼ አይሆንም” አለ። “በየወሩ መኪና ለሬሳ ልንመድብ ነው?”

ዘወትር እንደማስተምረው አስተማርኩ። እንዲህ ያለውን ጥያቄ በመጀመሪያው ቀን አትዝጉት፤ ያዙትና በኋላ ለእናንተ በሚበልጥ ነገር ለውጡት። ከድርድሩ በፊት ግን በተግባር እንዳትሰጡት ተጠንቀቁ፤ አንድ ጊዜ የተሰጠ ነገር ነገ መብት ሆኖ ይመጣል አልኳቸው። ሁሉም ጻፉ።

ዓርብ

በማግስቱ ጠዋት ሥራ ከመጀመራችን በፊት የማኅበሩ ሊቀመንበር መጣ። ጋሽ ሰይድ ይባላል። ወሎዬ ነው፤ በእርሻው የውሃ ፓምፕ ላይ ሲሠራ ፀጉሩ ሸብቷል። በሎጊያ በኩል በሚመጣ ሚኒባስ ተሳፍሮ ነው የደረሰው። አዳራሹ በር ላይ ቆሞ ሰላምታ ሰጠና ወደ አቶ ታምራት ዞረ።

“አንድ ልጅ ሞቶብናል” አለ። “ታደለ ይባላል፤ ከአረም ቡድን። የከምባታ ልጅ ነው። ትናንት ማሳ ላይ ፀሐይ መታው። በእግሩ እርሻው ክሊኒክ ሄዶ ግሉኮስ ተሰጠው፤ ተሻለኝ ብሎ እዚያው ተኛ። ጎሕ ሲቀድ ወንድሙ ሊቀሰቅሰው ቢገባ ቀዝቅዟል።”

“ነፍስ ይማር” አልን። አቶ ታምራት ከልቡ ደነገጠ፤ ወንበር ሳበለት። ጋሽ ሰይድ አልተቀመጠም።

“ወንድሙ ማቴዎስ አገሬ ይዤው ልግባ ይላል። የሬሳ ሳጥኑን ልጆቹ እየመቱት ነው። በረዶ ከሎጊያ እንገዛለን። መኪናውን አሁን ከሰጣችሁን ነገ ከእናቱ ዘንድ ይደርሳል።”

የክሊኒኩ ክፍል ማቀዝቀዣ የለውም። ወደ ሆስፒታል ለመውሰድም ያው መኪና ያስፈልጋል። መኪናው ሆቴሉ ግቢ ቆሟል፤ ሁሴን መስተዋቱን ሲወለውል በመስኮት ይታየኛል።

አቶ ታምራት ወደ እኔ ዞረ። “ወይዘሮ ሰብለ፣ ትናንት ያልነው ነገር ይኸው መጣ። ዛሬ ብንሰጥ በሚቀጥለው ሳምንት ድርድር ላይ ምን ይሆናል?”

ሁሉም አዩኝ። “ስጡ” አልኩ። “ነገር ግን ግዴታ ኖሮባችሁ እንዳልሆነ፣ ለወደፊትም መብት እንደማይሆን በአጭር ወረቀት አስፍሩና ሁለቱም ወገን ይፈርምበት። ቶሎ የሚያልቅ ነገር ነው።”

ሄለን እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። “መኪናው አሁን ይሂድ። ወረቀቱ ማታም ይፈረማል።”

“ከሄደ በኋላ ማን ይፈርምልናል?” አለ አቶ ታምራት፤ አሁንም እኔን እያየ።

“እውነት ነው፤ ከሄደ በኋላ ማስፈረም ይከብዳል” አልኩ።

የተናገርኩት ስሕተት አልነበረም። ሞያው የሚለው ይህንኑ ነው።

ወረቀቱን የፋይናንስ ኃላፊው ጻፈው። “ድርጅቱ በቸርነት መኪና የፈቀደ ሲሆን” ይላል። ጋሽ ሰይድ መነጽሩን አውጥቶ ቀስ ብሎ አነበበው።

“ቸርነት የሚለውን አልፈርምም።”

“ጋሽ ሰይድ፣ ቃል ነው እኮ” አለው አቶ ታምራት።

“ቃል ከሆነማ አውጡት። ልጁ ለማኝ አልነበረም፤ በእናንተው ማሳ ላይ አረም ሲነቅል ነው የሞተው። ዛሬ ቸርነት ብዬ ብፈርም ወላሂ ድርድር ስንቀመጥ ይቺን ወረቀት ነው የምታወጡልኝ። ለሌሎቹ ምን እላቸዋለሁ?”

እሱም ትክክል ነበር። አቶ ታምራት ቃሉን በራሱ ማውጣት አልደፈረም፤ ለዋናው መሥሪያ ቤት ደወለ። ኔትወርክ የለም። ሆቴሉ ጣሪያ ላይ ወጥቶ ደወለ። የሕግ ክፍሉ ኃላፊ ስብሰባ ላይ ነው ተባለ። ጋሽ ሰይድ በረንዳው ላይ ቆሞ ወደ ክሊኒኩ እየደወለ “ትንሽ ታገሡ፣ እየጨረስን ነው” ይላል። የጁምዓ ሰዓት ሲደርስ “ሰግጄ መጣሁ” ብሎ ሄደ፤ ሲመለስ ወረቀቱ እንደነበረ ጠረጴዛው ላይ ነው። ማንም ምሳ አልበላም።

“በቸርነት” በሚለው ፋንታ “በልዩ ሁኔታ” የሚለውን ቃል ያቀረብኩት እኔ ነኝ። ጋሽ ሰይድ ብዙ አሰበበትና እሺ አለ። የሕግ ክፍሉ ኃላፊም ከስብሰባ ወጥቶ እሺ እስኪል ጠበቅን። ተፈረመ። አዳራሹ ውስጥ የሆነ ሰው “አልሐምዱሊላህ” አለ። እኔም እፎይ አልኩ። ያን ጊዜ፣ እውነቱን ለመናገር፣ ጥሩ ሥራ የሠራሁ መስሎኝ ነበር።

እርሻው

ሁሉም ተነሥተው ሲሄዱ አብሬ ሄድኩ። በረዶውን ከሎጊያ ገዝተን በማዳበሪያ ጠቅልለን ጫንነው፤ እርሻው እስክንደርስ ከኋላ አስፋልቱ ላይ እየተንጠባጠበ ሄደ። ክሊኒኩ ግቢ ስንደርስ ፀሐይዋ አዘቅዝቃለች። ሠራተኞቹ ግድግዳውን ተደግፈው በመስመር ተቀምጠዋል። ሳጥኑ ጥላ ሥር ተዘጋጅቶ ተቀምጧል፤ አዲሱ ጣውላ ይሸታል። ከእሱ በላይ ደግሞ ሌላ ሽታ ነበረ።

ነርሱ አቶ ታምራትን ወደ ጎን ጠርቶ አነጋገረው። እኔም ሰማሁ። “ጠዋት ቢሆን ይቻል ነበር። ቀኑን ሙሉ በዚህ ቆርቆሮ ቤት ውስጥ ውሏል። አሁን የሁለት ቀን መንገድ አይችልም። በበረዶም አይሆንም።”

ማቴዎስ በሩ ላይ ቆሟል። ሠላሳ ዓመት ገደማ የሚሆነው ረጅም ሰው ነው። መኪናውን ሲያይ ወደ ሳጥኑ ሄዶ አንዱን ጫፍ ያዘ፣ የሚያነሣለት ሰው ፈልጎ ዞረ። ማንም አልተነሣም።

“መጣ አይደል?” አለ። “ለምን አንሄድም?”

ከአገሩ የመጣ አንድ ሽማግሌ ሠራተኛ ተነሥቶ እጁን ያዘውና በቋንቋቸው ለረጅም ጊዜ አነጋገረው። ማቴዎስ ወደ ክፍሉ ገባ። ሲወጣ ሸሚዙን አፍንጫው ላይ ይዞ ነበር። የሳጥኑን ጫፍ ለቆ መሬት ላይ ተቀመጠ።

ከመስኖው ቦይ ወዲያ፣ ከጥጡ ማሳ ጫፍ፣ አገራቸው ያልገቡ ሰዎች የሚቀበሩበት ቦታ አለ። ጥቂት የእንጨት መስቀል፣ ጥቂት የድንጋይ ክምር። እዚያ ቀበርነው። ጓደኞቹ በከምባትኛ መዝሙር ዘመሩ። ጋሽ ሰይድ ትንሽ ራቅ ብሎ እጁን ዘርግቶ በራሱ መንገድ ጸለየ። አቶ ታምራት ኮቱን አውልቆ አካፋ ተቀበለ፤ ፊቱ በላብና በአቧራ እስኪጨቀይ አፈር መለሰ። በቃ ቢሉት አልሰማም። ሄለን መኪናው ውስጥ ቀርታ ነበር። በመንገድ ሁሉ አላናገረችኝም።

ቅዳሜ የቀረውን ሥልጠና ልሰጥ ቆምኩ። የመጋዘን ኃላፊው “ቢያንስ ወረቀቱ በእጃችን አለ” አለ። እስከ ሻይ ሰዓት ተናገርኩ። ከሻይ በኋላ ሥልጠናውን ዘጋሁት።

መልስ

እሑድ ሁሴን ሊመልሰኝ ሲመጣ ማቴዎስ ከኋላ ወንበር ላይ ነበረ። ጉልበቱ ላይ የወንድሙን ቦርሳ ይዟል። ሚሌን አልፈን ገዋኔ እስክንደርስ ሁሴን በየመሐሉ “ውሃ ጠጣ ወንድሜ” ይለዋል፤ ይጠጣል።

አዋሽ ላይ ከሁሴን ተለያየን። የአዳማ አውቶቡስ እስኪሞላ ማቴዎስን ምሳ ጋበዝኩት። ትንሽ ጎርሶ ተወው።

“እትዬ፣ እርስዎ እርሻው ውስጥ ምንድን ነው የሚሠሩት?” አለኝ።

አሠልጣኝ መሆኔን ነገርኩት። ምን እንደማስተምርም። ያን ጊዜ መተው እችል ነበር፤ አልተውኩም። መኪናው ጠዋት ሆቴሉ ግቢ ቆሞ እንደነበረ፣ ወረቀት ይቅደም ያልኩት እኔ እንደሆንኩ፣ በአንድ ቃል ላይ እንደዋልን ነገርኩት።

ማቴዎስ አልተቆጣም። እጁን ሊታጠብ ተነሥቶ ሄደ፣ ብዙ ቆየ። ተመልሶ ሲቀመጥ እጁ ላይ ያለውን ውሃ እያየ ነበር።

“እኔ ቀኑን ሙሉ በር ላይ ቆሜ መንገዱን ሳይ ነበር” አለ። “ሰው ተቀምጦ እየተከራከረ ነው ብዬ አላሰብኩም። መኪናው የተበላሸ ነበር የመሰለኝ።”

እጁን በሱሪው አደረቀ።

“ለእናቴም እንደዚያው ነው የምነግራት። መኪና ተበላሽቶ ነው እላታለሁ። ያን ትረዳዋለች። እርስዎ ያሉኝን ግን ብነግራት አይገባትም።”

አዳማ መነኸሪያ ላይ የሆሳዕና አውቶቡስ አገኘንለት። ስልክ ቁጥሬን ሰጠሁት። አውቶቡሱ ሲንቀሳቀስ ቦርሳውን ከላይ መጫኛው ላይ አላስቀመጠውም፤ አቅፎት ተቀምጧል።

ቤት

አዲስ አበባ ስገባ ይዘንባል። ባለቤቴ በር ከፍቶልኝ “እንዴት ነበር?” ሲለኝ “ሙቀት” አልኩት። የቀረውን ለመንገር ቀናት ፈጅቶብኛል።

ድርድሩ ተካሂዶ ስምምነቱ ነሐሴ ላይ ተፈረመ። ሄለን ደውላ ነገረችኝ፤ የደወለችልኝ በራሷ ፈቃድ ስለነበር አከብራታለሁ። የአስከሬኑ አንቀጽ ወቅታዊ ሠራተኞችንም ይጨምራል፤ “የመኪና ሁኔታ በፈቀደ መጠን” የሚል ግን ተጨምሮበታል። ያንን ሐረግ ያስገባው የእኔ ሰልጣኝ ነው። ጥሩ ሰልጣኝ ነው።

ጉዞው ያስተማረኝ ነገር ትልቅ ፍልስፍና አይደለም። ጠረጴዛ ላይ የሚቀርብ ነገር ሁሉ አንድ ዓይነት አይደለም፤ ደመወዝ ይጠብቃል፣ የዓመት ፈቃድ ይጠብቃል፣ የሥራ ልብስም ይጠብቃል። የማይጠብቅ ነገር ሲመጣ መጀመሪያ እሱ ይፈጸማል፣ ክርክሩ ይከተላል። አሁን ሥልጠና ስጀምር ይህን ቀድሜ እናገራለሁ። ሰልጣኞች አይጽፉትም፤ ግልጽ ነገር ይመስላቸዋል። ለእኔም ግልጽ ነበር፤ አዳራሽ ውስጥ ስቆም ግን ጠፋብኝ።

በጳጉሜን ማቴዎስ ደወለልኝ። እናቱ ከመስቀል በኋላ የልጇን መቃብር ካላየሁ ብላለች፤ እርሻው ያስገባቸው እንደሆነ ይጠይቁልኝ አለኝ። ለአቶ ታምራት ደወልኩ።

“ይምጡ” አለ ወዲያው። “አዋሽ ድረስ መኪና እልካለሁ።” ከዚያ “ለምን እንደዘገየን ቢጠይቁኝስ ምን እላቸዋለሁ?” አለኝ።

“መኪና ተበላሽቶ ነው ተብለዋል” አልኩት።



“መኪናውማ ደህና ነበር” አለ።